አምፕሊፋየሩና የአማቴ ጆሮ

ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይባላል? ሞያሌ ውስጥ ይባላል። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ስባል ኖሬያለሁ።

በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር፣ ከውኃ ማደያው ፊት ለፊት፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። መኖሪያዬም እዚያው ነው። ሥራዬ ለሰው ማመልከቻ መጻፍና ቅጽ መሙላት ነው። ሽንኩርት የሚያሻግር፣ ፍየል የሚነዳ፣ መታወቂያው የጠፋበት፣ መታወቂያ ጭራሽ ኖሮት የማያውቅ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። እሱ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ። ያቺን ወረቀት ይዞ ሲወጣ ትከሻው ሰፍቶ ነው፤ ምን እንደተጻፈባት እኔም እሱም እርግጠኛ አይደለንም።

ከኢትዮጵያ ወደዚህኛው ወገን የተሻገርኩት በወጣትነቴ ነው። ያኔ ስሜ ስደተኛ ነበር። ይህ ስም ከላዬ የወረደው ኮምፒውተር የገዛሁ ዕለት ነው። ሰው አንድ ስም ብቻ ነው መሰለኝ የሚሸከመው፤ አዲሱ ሲጫን አሮጌው ይወድቃል። እኔም «ኧረ ኢንጂነር አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ስደተኛ ሲሉኝ ያልተከራከርኩ ሰው፣ ኢንጂነር ሲሉኝ ምን አከራከረኝ?

ባለቤቴ ቃባሌ የቡቲዬ መንደር ልጅ ናት፤ ቦረና፣ ኬንያ ተወልዳ ያደገች። ከእሷ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። በዘጠኙም ዓመት አባቷ፣ አማቴ አባ ሊበን፣ ለእኔ የተናገሩኝ ቢሰበሰብ ሁለት ቃል ነው። «ማል ጄታ?» ምን አልክ ማለት ነው። ጆሯቸው ከብዷል። አማርኛውን ፍየል ሲነግዱ ለምደውታል፤ ችግሩ ቋንቋ አይደለም። እንዴት አደሩ ስላቸው «ማል ጄታ?»፣ ዝናብ እንዴት ነው ስላቸው «ማል ጄታ?»። በመጨረሻ እጃቸውን ይዤ ፈገግ ማለት ለመድኩ። ብዙ አማችና አማት በዚህ መንገድ ቢኖር ሽማግሌ ሥራ ይፈታ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሱቁ ኮምፒውተር ሲያረጅ አዲስ ገዛሁና አሮጌውን ወደ ቤት አስገባሁት። በአንድ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝኩት፣ ፊልምና ዘፈን ሞላሁበት፣ «የቤት ሲኒማ» ብዬም ሰየምኩት። ቃባሌ «ያንተ ሲኒማ» ነው የምትለው። ምስሉ ግሩም ነበር። ድምፁ ግን ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋ ዝንብ ነው።

አንድ ቀን አባ ሊበን ሊጠይቁን መጡ። የሠርጋችንን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። የቃባሌ እናት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስልክ አይወዱም ነበር፣ ካሜራም ይሸሹ ነበር፤ ድምፃቸው የቀረው በዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። ልክ እሳቸው ብቅ ሲሉ አማቴ ተነሡ። ቀስ ብለው ሄደው ጆሯቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፉ። አንዱን ጆሮ፣ ከዚያ ሌላውን። ሲያበቁ ተመልሰው ተቀመጡና «አፏ ይንቀሳቀሳል» አሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ኢንጂነር ነኝ።

«አባ!» ብዬ ጮህኩ። «የሚመጣው እሁድ ይምጡ! ድምፃቸውን በደንብ አሰማዎታለሁ!»

ሦስቴ ስጮህ የማይሰሙ ሰው ይህችን በአንዴ ሰሟት።

«ኤዬ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «እሁድ።» ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቃባሌ በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «በምንድን ነው የምታሰማቸው?»

«በቴክኖሎጂ።»

«ቴክኖሎጂ የሚባለውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሌላ ሰው ብትዋሽ ግድ የለኝም። ለአባቴ ግን በእናቴ እንዳትዋሽ» አለች።

በማግስቱ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግሬ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ሻጩ ከማስታወቂያ መኪና ላይ የወረደ መሆኑን ነገረኝና «ይህ የተኛ አይደለም፣ የሞተ ይቀሰቅሳል» አለኝ። ክብደቱ የአንድ ወይፈን ያህላል። ከእሱ ጋር አንድ ሳጥን ስፒከርና አንድ ትልቅ ጥሩምባ መረቀልኝ፤ ያ መኪና ላይ ተሰቅሎ የሚጮኸው ዓይነት።

ስመለስ መግቢያው ላይ አንድ አስካሪ፣ የኬንያ ዘብ ማለት ነው፣ አስቆመኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አምፕሊፋየር ነው ጌታዬ።»

«የመስጊድ ነው የቤተ ክርስቲያን?»

«የቤት ነው።»

«እንግዲያው የፖለቲካ ነው።»

«ኧረ አይደለም! ለአማቴ ነው፤ ጆሯቸው አይሰማም።»

ጥሩምባውን አየ፣ እኔን አየ። «አማትህ ስንት ሺህ ሰው ናቸው?» አለኝ።

ከዚያ ቅጽ ሰጠኝ። እኔ እንግዲህ ቅጽ በመሙላት እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። «የዕቃው አገልግሎት» የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። መዝናኛ ብል ሌላ ክፍል ይልከኛል፣ ንግድ ብል ሌላ ጣጣ ነው። በመጨረሻ «ለጆሮ» ብዬ ጻፍኩ። አስካሪው አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ የሕክምና መሣሪያ በሚለው ሥር መዝግቦ «ፖሌ» ብሎ አሳለፈኝ። አይዞህ ማለቱ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ፈንዲ አብዲን ጠራሁ። ፈንዲ ማለት በስዋሂሊ ባለሙያ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ፈንዲ ነው። አብዲ ስልክ ይጠግናል፣ ፓምፕ ይጠግናል፤ አንድ ጊዜ የሰው ጥርስ ነቅሏል ይባላል። የማንኛውም ብልሽት ምክንያት ለእሱ አንድ ነው።

«ቻይና ነው» አለ፣ አምፕሊፋየሩን ገና ሳይከፍተው።

አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የአሮጌ ቪዲዮ ማጫወቻ ገመድ ቆርጦ ቀጠላቸው። በአንዱ ጫፍ የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መሰኪያ፣ በሌላው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባ ቀይና ነጭ ሆነ። ኮምፒውተሩ ከጀርባው ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። «የትኛው ነው፣ ኢንጂነር?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ ሮዙን አሳየሁት። ሮዙ የማይክሮፎን ነው። ይህን ያወቅነው ግማሽ ቀን ዝምታን ካዳመጥን በኋላ ነው።

ወደ አረንጓዴው ስናዞረው ድምፅ መጣ። የመጣው ግን «እምምምምም» የሚል የበሬ ማጉረምረም ነው። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«ቻይና ነው» አለ አብዲ።

ጥሩምባውን ልንቀለው ስል እጄን ያዘኝ። «አንዱ ስፒከር ከተነቀለ ማሽኑ ይቃጠላል» አለ። እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም። ብቻ ጥሩምባው ቤት ውስጥ አይቻልምና ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ አፉን ወደ ውኃ ማደያው አድርገን ሰቀልነው።

ማጉረምረሙን ሰምተው ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን መጡ። ጋሽ መኮንን ዱሮ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ፤ እንደኔው በስደት የተሻገሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ነክተው አያውቁም፤ አስተያየታቸው ግን አገልግሎት ላይ ነው። በሩ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ኧርዝ ነው» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«መሬት። ይህ መሣሪያ መሬቱን አላገኘም።»

ቃባሌ ከጓዳ «ወለሉ ላይ አይደለም እንዴ የተቀመጠው?» አለች።

ጋሽ መኮንን በሰጡት ትእዛዝ ከበሩ ጎን ጉድጓድ ቆፈርን፣ ብረት ቀበርን፣ ሽቦ ከብረቱ እስከ አምፕሊፋየሩ ዘረጋን። በሬው አላቆመም። «ጨው ውኃ ያስፈልገዋል» አሉ። የቤቱ ጨው በሙሉ ብረቱ ላይ ፈሰሰ። በሬው ጭራሽ ድምፁን ከፍ አደረገ። አብዲ ካቻቢቴውን ወርውሮ «ነገርኩህ፣ ቻይና ነው» አለ፤ ጋሽ መኮንን «በጦሩ ጊዜ እንዳንተ ያለ ፈንዲ ድንኳን ነው የሚያስጠብቁት» አሉት። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ቅዳሜ አለቀ። ራት ሲቀርብ ቃባሌ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «ወጡ ጨው አንሶታል የሚል ካለ ብረቱን ይላስ» አለች። በላን።

እሁድ ረፋድ አባ ሊበን በቦዳቦዳ ሞተር መጡ። ኮት ለብሰዋል። ኮት ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። ጭናቸው ላይ አንዲት ጥቁር ፍየል አቅፈዋል። ወርደው ፍየሏን ደጅ ካለው የቴሌቪዥኑ ዲሽ ብረት ጋር አሰሩና ለእኔ፣ «ለአንተ ነው፤ ስለ እሷ» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ከሰጡኝ ንግግር ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ፍየሏን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ሰው ላልተሠራ ሥራ ፍየል ሲሰጥ እንዴት ነው የሚባለው?

ወደ ቤት ገቡ። ከሳጥኑ ስፒከር አጠገብ ወንበር አደረግንላቸው። አብዲና ጋሽ መኮንንም እዚያው ናቸው፤ ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። አምፕሊፋየሩን አበራሁት። እምምምምም።

አማቴ ቀጥ አሉ። ሰምተዋል! ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉና በሐዘን አዩኝ።

«ይሄ በሬ ነው» አሉ። «የእኔ ሚስት አይደለችም።»

ቃባሌ ወደ ጓዳ ገባች። ስትገባ አላየችኝም። ያለማየቷ ከማየቷ ይከብዳል።

እኔ ላብ በላብ ሆኜ ይህን ስነቅል ያንን ስሰካ፣ በሬው በድንገት ዝም አለ። ቤቱ ጸጥ።

አብዲ ብድግ አለ። «አልኩህ! ሲሞቅ ይለቃል። የቻይና ዕቃ እንዲህ ነው።»

ጋሽ መኮንንም ብድግ አሉ። «ኧርዙ ያዘ! ጨዉ እስኪሰርግ ነው የቆየው።» እጄንም ጨበጡኝ።

ከውጭ የቃባሌ ድምፅ መጣ። «ኧረ ኑ፣ ፍየሏን አስጥሉኝ!»

ወጣን። ፍየሏ ከዲሹ ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ ነቅላ ጫፉን እያኘከች ነው። አብዲ ገመዱን አስጥሎ መለሰው፤ ከቤት ውስጥ እምምምም ተሰማ። ነቀለው፤ ጸጥ አለ። መለሰው፤ በሬው። ነቀለው፤ ጸጥታ። ሦስታችንም ተያየን። ለካ ኮምፒውተሩ በአንድ በኩል፣ የዲሹ ገመድ በሌላ በኩል፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መሬት ይዘው በአምፕሊፋየሩ ላይ ይጣሉ ኖሯል።

«እኔስ ምን አልኩ? ኧርዝ!» አሉ ጋሽ መኮንን።

ትክክል ነበሩ። ጉድጓድ ያስቆፈሩንና ጨዋችንን የጨረሱትም እሳቸው ናቸው። ትክክል መሆንና መጥቀም ለካ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ገመዱን እንደተነቀለ ተውነው። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ምስሉ ይሄዳል፣ የቃባሌ እናት ይታያሉ፣ ድምፁ ግን አሁንም ከቴሌቪዥኑ ነው፤ ያው ዝንብ። አምፕሊፋየሩ አንዲት ቃል አይወጣውም። አብዲ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ እስከ ጣሪያ ከፍ አደረግሁት። ምንም የለም። ማጫወቻውን ዘግቼ፣ የኮምፒውተሩን የድምፅ ዝርዝር ፈልጌ ከፈትኩ። እዚያ ተጽፎ አየሁት፤ ድምፁ የሚሄደው በምስሉ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ስንት ቀን ሙሉ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ባዶ ገመድ ሰክተን ከበሬ ጋር ስንታገል፣ ለኮምፒውተሩ «በዚህ በኩል አውጣ» ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም! ከስሩ «ስፒከር» የሚለውን መረጥኩ። ማጫወቻውን መልሼ ከፈትኩ።

በችኮላ የነካሁት ግን ሠርጋችንን አይደለም። ከጎኑ ያለውን፣ ብቻዬን ስሆን የማዳምጠውን ነው።

«ሌሰን ዋን!» አለች አንዲት ሴት፣ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ። «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን! ሪፒት አፍተር ሚ!»

የጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ይህ ብዕር ነው፣ ከእኔ በኋላ ድገሙ። ቃባሌ ገበያ ስትሄድ ነበር በሩን ዘግቼ የምማረው። አሁን ጣሪያው ላይ ያለው ጥሩምባ ለማንያታ ሁሉ ያስተምረዋል። ውኃ ማደያው ላይ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ደግሞ ድገሙ ከተባሉ አይቀር ብለው በአንድ ድምፅ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን!» አሉ።

በድንጋጤ የምጫነው ጠፋኝ። «ዚስ ኢዝ ማይ ሄድ!» ቀጠለች ሴትዮዋ። ራሴን ያዝኩ። ከውጭ ሴቶቹ «ዚስ ኢዝ ማይ ሄድ!» አሉ። ሳጠፋው ከሰልፉ መሐል አንድ የሰው ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር! የእኔን ማመልከቻ ስንተኛው ትምህርት ላይ ሆነህ ነው የጻፍከው?»

ጋሽ መኮንን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አብዲ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቃባሌ አፏን በሻሽዋ ይዛለች። ያልሳቁት አማቴ ብቻ ናቸው፤ ስፒከሩን እየዳሰሱ «ይሄ ሰው ነው» አሉ። «እሷ አይደለችም፤ ግን ሰው ነው። ሰማሁ።» ከዚያም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ጠበቁ።

የእኔ ውርደት በዚያች ሰዓት ከነፋስ ቀለለብኝ። አብዲ ሮጦ ወጥቶ የጥሩምባውን አፍ ከውኃ ሰልፉ ወደ ኋላ በኩል አዞረው። ድምፁን ግማሽ አወረድኩ። ሠርጋችንን ከፈትኩ።

ቡቲዬ፣ ድንኳን፣ ሰው ግጥም ብሎ። ሽማግሌዎች ሲመርቁ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ። አማቴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው መረቁ። ቀጥሎ ካሜራው ወደ እሳቸውና ወደ ባለቤታቸው ዞረ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቃባሌ እናት ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ይናገራሉ። ይህችን ቦታ አውቃታለሁ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «እዚህ ላይ እኛን እየመረቁ ነው» እያልኩ ዘጠኝ ዓመት አስተርጉሜያለሁ።

አሁን በቦረንኛ፣ እንደ ጉድ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ይሄ ልጅ አፍ ብቻ ነው» አሉ የሚስቴ እናት። «ሥራ ላይ የሚረባ አይመስለኝም። ግን ልጅቷን እያት። እሱን ባየች ቁጥር ትስቃለች። እኔም አንተን ሳይ እንዲህ ነበርኩ። ደግ አደረግን፣ ሰጠነው። ሰማኸኝ?»

ቪዲዮው ላይ ያሉት አባ ሊበን፣ ያኔም ጆሯቸው የከበደው፣ ራሳቸውን በክብር ነቅንቀው «ኤዬ፣ ሥጋው ይበቃል» ሲሉ መለሱ።

አማቴ እጃቸውን አንሥተው እንድደግመው ምልክት ሰጡኝ። ደገምኩት። እንደገና። አራተኛው ላይ «ሰማኸኝ?» ሲባል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት አባ ሊበን ስለ ሥጋ ሳይመልሱ በፊት፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ቀደሟቸው።

«ሰማሁሽ» አሉ። «አሁን ሰማሁሽ።»

ኮታቸው ላይ እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

በዚህ መካከል ከቤቱ ኋላ፣ ከቦዳቦዳ መቆሚያው፣ አንድ ሞተረኛ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«እኛም ሰምተናል፣ ምዜ አባ ሊበን! አፍ ብቻ ነው!»

ቃባሌ ዓይኗ በእንባ እንደተሞላ ቀና ብላ አየችኝ። ገመድ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል፣ እጄ ላይ ቀይና ነጭ ሽቦ ይዣለሁ። ልትናገረኝ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት።